ድርና ማግ፦ የሸማ ታሪክ እንደ ሙከራ ታሪክ

ለዛሬው ንግግሬ የመረጥሁት ጉዳይ በየቤታችን ሣጥን ውስጥ ተጣጥፎ የሚገኝ ነገር ነው፤ እርሱም ሸማ ነው።

ስለ ሸማ ሲነገር ሁለት ዐይነት ቋንቋ እንሰማለን። አንደኛው የበዓል ቋንቋ ነው፤ ሸማን ከጥንት ጀምሮ ሳይለወጥ የተላለፈ ውርስ አድርጎ ያወድሰዋል። ሁለተኛው የሐዘን ቋንቋ ነው፤ የውጭ ክር ገባበት፣ ቀለሙ በዛ፣ ጥንታዊነቱ ጠፋ እያለ ይቆጫል። ሁለቱ ተቃራኒ ይምሰሉ እንጂ መነሻቸው አንድ ነው። ሁለቱም ሸማኔውንና ፈታይዋን የተቀበሉትን ብቻ የሚደግሙ ሰዎች አድርገው ያስባሉ። እኔ ዛሬ የማቀርበው ክርክር እነዚህ ሰዎች ለብዙ መቶ ዓመታት በክርና በጨርቅ ላይ ሲሞክሩ፣ ሲመርጡና ሲጥሉ የኖሩ ናቸው የሚል ነው። ባህላዊ የምንለው ሸማ የዚያ ሙከራ ውጤት ነው። ይህን ካልተረዳን በዛሬው ገበያ ላይ በእርግጥ አደጋ የሆነውን ነገር መለየት አንችልም።

ክርክሩን ለመከተል ጥቂት የሙያ ቃላት ያስፈልጉናል። ለአብዛኞቻችሁ አዲስ አይደሉም፤ ነገር ግን በትክክለኛ ትርጉማቸው እንያዛቸው። ድር በርዝመት የሚወጠረው ክር ነው። ማግ በቀሰም ላይ ተጠቅልሎ፣ በመወርወሪያ ተይዞ በድሩ መካከል ወዲያና ወዲህ የሚመላለሰው ክር ነው። ድር ሥራው እስኪያልቅ ድረስ ተወጥሮ ይቆያል። ሸማኔው ጉድጓዱ ውስጥ ባለው እግሩ በረገጠ ቁጥር የድሩ ክሮች ይነሣሉ፣ ይወርዳሉ፣ እርስ በርስ ይፋተጋሉ። ስለዚህ ድር ከረር ያለ፣ ውፍረቱ እኩል የሆነና መሳብን የሚችል መሆን አለበት። ማግ ግን ይህ ሁሉ ጫና የለበትም። ላላ ያለም ቢሆን፣ ወፍራምም ቢሆን፣ ባለ ቀለምም ቢሆን ድሩ ይቀበለዋል።

ከዚህ ቀላል የሥራ እውነት አንድ የታሪክ መጠይቅ ይወጣል። በማግ ላይ መሞከር ኪሳራው ትንሽ ነው፤ አዲሱ ክር ካላማረ ጥቂት ረድፍ ተፈትቶ በሌላ ይተካል። በድር ላይ መሞከር ግን ኪሳራው ከባድ ነው፤ ድሩ በየቦታው እየተበጠሰ ቢያስቸግር ለማድራት የፈሰሰው ጊዜና ክር ሁሉ ይባክናል። እንግዲህ አንድ እንግዳ ክር ወደ ሸማ የገባው በጥለት ነው፣ በማግ ነው ወይስ በድር ነው ብለን ስንጠይቅ፣ ሸማኔው ያንን ክር ምን ያህል እንዳመነው መጠየቃችን ነው። ይህን መጠይቅ ይዘን ወደ ማስረጃዎቹ እንሂድ።

የውጭ ጨርቅ ወደ አካባቢያችን መግባቱ የትናንት ጉዳይ አይደለም። በ1ኛው ክፍለ ዘመን በግሪክኛ የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የመርከበኞች መምሪያ የአዱሊስን ገበያ ሲዘረዝር፣ ከግብጽ የሚመጡ ልብሶችን እንዲሁም ከሕንድ የሚመጡ ሰፋፊ የጥጥ ጨርቆችንና መቀነቶችን ይጠቅሳል። በ4ኛው ክፍለ ዘመን የንጉሥ ዒዛና የድንጋይ ላይ ጽሑፍ በኖባ ላይ የተደረገውን ዘመቻ ሲተርክ፣ ከጠፉት ንብረቶች መካከል የእህልና የጥጥ ክምችትን ይቆጥራል። ሁለቱ ምንጮች በአክሱም ዘመን ማን ምን እንደሸመነ አይነግሩንም። የሚነግሩን ጥጥ በስሙ የሚታወቅና ከሀብት የሚቆጠር ነገር እንደነበረ፣ የሌላ አገር ሸማኔ ሥራም በወደቡ ገበያ ተዘርግቶ ለዐይንና ለእጅ ቅርብ እንደነበረ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ ዘልዬ ወደ 16ኛው ክፍለ ዘመን ልምጣ። በ1520 እ.ኤ.አ. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል አገር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ከጎጃም ለንጉሡ የገባውን ግብር ሲገልጽ፣ ከ3,000 በቅሎና ከ3,000 ፈረስ ጋር 3,000 ወፍራም የጥጥ የአልጋ ልብስ ይቆጥራል። እነዚህ በአንድ ገጻቸው ጠጉር ያላቸው፣ መኳንንት በአልጋቸው ላይ የሚያነጥፏቸው ነበሩ። ይህ ትንሽ ዝርዝር ትልቅ ነገር ይዟል። ጠጉር ያለው ወፍራም ልብስ ለማውጣት በክሩ አከራረርና በአሸማመኑ ላይ ከነጠላው የተለየ ውሳኔ ያስፈልጋል። እንግዲህ በዚያ ዘመን ከአንድ ጥጥ የተለያየ ባሕርይ ያለው ልብስ የሚያወጡ እጆች በብዛት ነበሩ ማለት ነው። የልብሶቻችን ስሞችም የሚናገሩት ይህንኑ ነው። ነጠላ በስሙ ነጠላነቱን ይናገራል፤ ኩታ ደረብ ይላል፤ ጋቢ በአራት እጥፍ ይታወቃል፤ ቡሉኮ ከሁሉም ይከብዳል።

የጎንደር ዘመን ማስረጃ የበለጠ ግልጽ ነው። ከ1769 እስከ 1771 እ.ኤ.አ. በአገራችን የቆየው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ፣ በዓድዋ የሚሠራው የጥጥ ጨርቅ በብር ገንዘብ ፋንታ በአገሪቱ ሁሉ እንደሚዘዋወር ጽፏል። ገንዘብ የሆነ ጨርቅ እንደ ልብ አይለዋወጥም። ርዝመቱና ወርዱ የታወቀ፣ ተቀባዩ ሳይጠራጠር የሚወስደው መሆን አለበት። የሸማው ነጭ አካል ለምን ለረጅም ጊዜ አንድ ዐይነት ሆኖ እንደቆየ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ የጣዕም ወይም የሃይማኖት ነው። እኔ በዚያ ላይ የገበያን ግዴታ እጨምራለሁ። ነጩ አካል የስምምነት ክልል ነበር፤ ጠርዙ ግን ለሸማኔው የተተወ ሜዳ ነበር።

በዚያ ጠርዝ ላይ ምን ተሠራ? የ18ኛውና የ19ኛው ክፍለ ዘመን ተጓዦች የጻፉት አንድ አሠራር እዚህ ላይ ቁልፍ ነው። ከሕንድ ቀይና ሰማያዊ ቀለም የተነከረ የጥጥ ጨርቅ ይመጣ ነበር። ሸማኔዎች ይህን ጨርቅ የሚፈልጉት ለክሩ ነበር። ሌላ ሸማኔ ማዶ ሆኖ የሸመነውን ጨርቅ ክር በክር ይፈቱታል፤ የተፈታውን ባለ ቀለም ክር በቀሰም ይጠቀልሉታል፤ ከዚያም በራሳቸው ነጭ ድር ላይ ጥለት አድርገው ይጥሉታል። አንድ ያለቀ ዕቃ እንደገና ጥሬ ዕቃ ሆነ ማለት ነው። ይህን ተግባር መኮረጅ ብሎ መጥራት አይቻልም። የሕንዱን ጨርቅ እንዳለ መልበስ ቀላል ሆኖ ሳለ፣ ከጨርቁ የፈለጉትን ለይተው አውጥተው የቀረውን ጥለዋልና። በያዝነው መጠይቅ ብንመዝነው ደግሞ፣ እንግዳው ክር የገባው ስሕተት ብዙ በማያስከፍልበት በጥለቱ በኩል ነው።

በዚያው ዘመን ከዚህ እጅግ የሚደፍር ሙከራም ተደርጓል። በ1868 እ.ኤ.አ. ከመቅደላ ዘመቻ በኋላ ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም የገባ፣ ከ5 ሜትር በላይ የሚረዝም የሐር መጋረጃ አለ። ከእርሱ ጋር የሚዛመድ ሥራ በቶሮንቶ በሚገኘው የሮያል ኦንታርዮ ሙዚየም ይገኛል። የተሠሩት በጉድጓድ ሸማ መሥሪያ አይደለም። ቀዳዳ ባላቸው ትናንሽ ገበታዎች ውስጥ ክሮችን አሳልፎ ገበታዎቹን በማዞር በሚሸመንበት ዘዴ ነው፤ ለዚህ ወርድ በመቶዎች የሚቆጠሩ ገበታዎች ያስፈልጋሉ። ሐሩ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፤ በላዩ ላይ የተሣሉት ሰዎች ግን የእኛው ናቸው። በዚህ ዘዴ ገበታዎቹ የሚያዞሩት ደግሞ ድሩን ነው። እንግዳው ክር አደጋው ከሁሉ በሚበዛበት ቦታ ላይ ገባ ማለት ነው። ይህን የወሰነ ሰው ሐርን በሚገባ የሚያውቅ፣ ጥንካሬውን የፈተነ ሰው መሆን አለበት። ስሙን አናውቅም። በጎንደር ከተማ የሽመና ሥራ በአመዛኙ በሙስሊሞችና በቤተ እስራኤል እጅ እንደነበረ ግን እናውቃለን።

እዚህ ላይ ከክር ወደ ጨርቅ ልሸጋገር፤ ሙከራ በሸማኔው ጉድጓድ አያበቃምና። የብራና መጻሕፍቶቻችንን የእንጨት ገበታ ገልጣችሁ ውስጡን ብታዩ፣ በቆዳው ክፈፍ መካከል ብዙ ጊዜ ቁራጭ ጨርቅ ተለጥፎ ታገኛላችሁ። አንዳንዱ የሕንድ ባለ አበባ ጥጥ፣ አንዳንዱ ሐር፣ አንዳንዱ በወርቅ ክር የተሠራ ነው። በሥዕል ላይ መጋረጃ ሆኖ የተሰፋ ስስ ጨርቅም አለ። መጽሐፉን የደጐሰው ሰው ከተቀደደ ልብስ የተረፈውን መርጦ ለቅዱስ ነገር አዋለው። በሌላው የኑሮ ጫፍ ደግሞ ድሪቶ አለ፤ ያረጀ ሸማና ቁራጭ ጨርቅ እየተደራረበ፣ እየተጣፈና እየተሰፋ ለብርድ መከላከያ የሚሆን ልብስ። ቁራጭ የመምረጥና የማዋሐድ ጥበብ በሁለቱም አለ። ለመጀመሪያው ክብር ሰጠን፤ ሁለተኛውን የድህነት ስም አደረግነው፤ ለተዘበራረቀ ጽሑፍ እንኳ ድሪቶ እንላለን።

በአሜሪካ አላባማ ግዛት፣ ጊስ ቤንድ በሚባል መንደር፣ የባሪያ ዘሮች የሆኑ ሴቶች ካረጀ የሥራ ሱሪና ሸሚዝ ቁራጭ እየገጣጠሙ የአልጋ ልብስ ይሰፉ ነበር። በ2002 እ.ኤ.አ. ሥራዎቻቸው በሂዩስተን፣ ቀጥሎም በኒው ዮርክ በሚገኘው ዊትኒ ሙዚየም ሲታዩ፣ ከእያንዳንዱ ሥራ ጋር የሠሪዋ ስም ተጽፎ ነበር። ድርቡ ልብስ ያው ነበር፤ የተለወጠው ሠሪዋ እንደ ወሳኝ ሰው መታየቷ ነው። በእኛ አገር ድሪቶን በዚህ ዐይን ያየንበት ጊዜ ጥቂት ነው። ተለብሶ የሚያልቅ ነገር ስለሆነ ደግሞ በሰነድ ካልያዝነው አይጠብቀንም።

ወደ ሽመናው ልመለስ፤ 20ኛው ክፍለ ዘመን ትልቁን ፈተና ይዞ መጥቷልና። አቡጀዲ የምንለው ያልነጣ የአሜሪካ የጥጥ ጨርቅ በዘመኑ መባቻ ገበያውን ሞልቶት ነበር። ሮበርት ስኪነር የተባለው የአሜሪካ መልእክተኛ በታኅሣሥ 1903 እ.ኤ.አ. ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ሲፈራረም፣ ከመልእክቱ ጀርባ ካሉት ዋና ጉዳዮች አንዱ ይኸው ጨርቅ ነበር። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የጃፓን ጨርቅ የአሜሪካውን ቦታ ወሰደ። በጣሊያን ወረራ ዘመን በድሬዳዋ፣ ኋላም በአቃቂ፣ በ1961 እ.ኤ.አ. በባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ተቋቋሙ። በብዙ አገሮች እንደታየው ከሆነ በዚህ ሁሉ መካከል የእጅ ሽመና መሞት ነበረበት። አልሞተም። አቡጀዲ ሸሚዙንና ሱሪውን ወሰደ፤ ከላይ የሚደረበው ሸማ ግን በሸማኔው እጅ ቀረ። ለዚህ የባህል ፍቅር አንድ ምክንያት ነው። ሌላው ምክንያት ግን ሸማኔዎች ተፎካካሪያቸውን ወደ ጉድጓዳቸው ማስገባታቸው ነው።

ዛሬ በሽሮ ሜዳ ገበያ አንድ የፈትል ነጠላ አንሥታችሁ በብርሃን ብትመረምሩ፣ አብዛኛውን ጊዜ በርዝመት የሚሄደው ክር አንድ ወጥ ሆኖ፣ በወርድ የሚሄደው ደግሞ እዚህ ወፈር እዚያ ቀጠን ብሎ ታገኙታላችሁ። ድሩ የፋብሪካ፣ ማጉ የእጅ ፍትል ነው። ይህ መቀላቀል በዘፈቀደ የመጣ አይደለም። ለድር የሚሆን ክር በእንዝርት መፍተል ከሁሉ የሚያደክም ሥራ ነበር፤ ከረር፣ ቀጠን፣ እኩልም መሆን አለበትና። የፋብሪካ ክር በዚህ በኩል ይበልጣል። በማግ በኩል ግን የእጅ ፍትል ይበልጣል። ላላ ስለሚል ሸማው ገላ ላይ ይለሰልሳል፣ ይሞቃል፣ ውሃም ይጠጣል። ሸማኔዎች ሁለቱን ክሮች ፈትነው ለእያንዳንዳቸው የሚገባቸውን ቦታ ሰጡ። ያንን የደነገገ መሥሪያ ቤት የለም፤ ያስተማረ ትምህርት ቤትም የለም። የኢንጂነሪንግ ተማሪዎቻችን ይህን ቢሠሩት የምርምር ውጤት ብለን በመጽሔት እናወጣው ነበር።

የዚህ ውሳኔ ዋጋ ግን በእኩል አልተከፈለም። ፍትል የሴቶች ሥራ ነው። ጥጡን መዳመጥ፣ በደጋን መንደፍ፣ ባዘቶውን ማዘጋጀት፣ በእንዝርት ፈትሎ ልቃቂቱን ማከማቸት የእነርሱ ድርሻ ነበር። የፋብሪካ ድር ሲገባ የድካማቸው ከባዱ ክፍል ቀለለ፤ የገበያቸውም ግማሽ አብሮ ሄደ። እስከ ዛሬ የእጅ ፍትል ገበያ አለ ከተባለ በማግ ምክንያት ነው። የሸማን ታሪክ በሸማኔው ብቻ የምንጽፍ ከሆነ ይህን ክፍል ጨርሶ እናጣዋለን፤ ፈታይዋ በታሪካችን ውስጥ የቆመችው ከሸማኔውም ኋላ ነውና።

ሸማኔውስ ቢሆን መቼ ተከበረ? በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መሳደብ የሚከለክል አዋጅ ሲያወጡ፣ ከሚሰደቡት መካከል ሸማ ሠሪው ከብረት ሠሪው ጋር ተጠቅሷል። አዋጅ የሚወጣው የተለመደን ነገር ለማስቆም ነው። በሙያው የሚሰደብ ሰው ስሙ በሰነድ አይገባም፤ ሸማውን የለበሰው መኰንን ስም ግን ይገባል። የፈጠራውን ታሪክ ስም የለሽ ያደረገው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ዛሬ «የሕዝብ ጥበብ» የሚለው ቃል ውዳሴ ይመስላል፤ የድሮውን ዝምታ በትሕትና እየደገመ ሊሆን እንደሚችል ግን ልብ በሉ።

የዶርዜና የሌሎች የጋሞ ደጋማ አካባቢዎች ሸማኔዎች ወደ አዲስ አበባ መጥተው በእንጦጦ ግርጌ ከሰፈሩ በኋላ የሆነው ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተነሡ የመኳንንት ፎቶግራፎችን ተመልከቱ። የክብር ልብስ የሆነው ጃኖ የሚለየው በአንድ ሰፊ ቀይ መስመር ነው። ዛሬ ጥበብ ስንል ወደ ሐሳባችን የሚመጣው በብዙ ቀለም የተሠራው ባለ መስቀልና ባለ ማእዘን ጌጥ በአመዛኙ የ20ኛው ክፍለ ዘመን የአዲስ አበባ ሥራ ነው። ሸማኔው ድሩን በጣቱ እየቆጠረ ተጨማሪ ማግ በየቦታው እያስገባ ያወጣዋል። ፋብሪካ ሠራሽ የሆነው አንጸባራቂ ክር፣ ወርቀ ዘቦው፣ የሐር መልክ ያለው ክር፣ ሁሉም መጀመሪያ በጥለቱ ተፈተኑ፤ ያልበረከቱት ተጣሉ፣ የበረከቱት ስም ወጣላቸው። በቅርቡ ደግሞ የጉሎ ቅጠል ከሚበላ ትል የሚገኘውን ሐር በእጅ ፈትለው ከጥጥ ጋር የሚሸምኑ የአዲስ አበባ አውደ ጥናቶች አሉ፤ በትሉ እርባታ ላይም የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ሠርቷል። ይህም የመጣበት መንገድ ያው የድሮው መንገድ ነው።

አሁን አንድ ተቃውሞ ይነሣል፤ ሊነሣም ይገባዋል። ሸማ ሁልጊዜ የውጭ ነገር ሲቀበል ከኖረ፣ ጥለታችን በውጭ አገር ፋብሪካ በጨርቅ ላይ ታትሞ በርካሽ መመለሱን በምን አንደበት እንቃወማለን? ይህም ሌላ ሙከራ አይደለምን? የእኔ መልስ እስካሁን በቈጠርናቸው ማስረጃዎች ውስጥ አለ። የሕንዱን ጨርቅ የፈታው፣ ሐሩን በድር ያደራው፣ የፋብሪካውን ክር በድር ወስኖ ማጉን ለፈታይዋ የተወው፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ሥራውን የሚሠራው ሰው ነበር። ክሩ ከየትም ይምጣ፣ የሚፈትነውና የሚፈርደው የሸማኔው እጅ ነበር፤ ከፍርዱ የሚገኘው እንጀራም ወደ እርሱ ይመለስ ነበር። በታተመው ጥለት ላይ ግን ድርም ማግም ስለ ጥለቱ የሚናገሩት ነገር የለም። ጌጡ በክሩ ላይ የተቀባ ነው፤ ሸማኔው ያሰበው ተወስዶ ሸማኔው ቀርቷል። ስለዚህ ክርክራችንን በክሩ ዜግነት ላይ ካቆምን እንሸነፋለን፤ የራሳችን ታሪክ ይመሰክርብናልና። በውሳኔው ባለቤትነት ላይ ካቆምነው ግን ታሪኩ ከእኛ ጋር ይቆማል።

ይህም ለእናንተ ለተማሪዎች የሥራ ድርሻ ይሰጣችኋል። አንድ ልብስ በሙዚየምም ሆነ በቤተሰብ ሣጥን ሲያጋጥማችሁ «የጥጥ ሸማ» ብላችሁ አትለፉት። ድሩ ምን ክር ነው? ማጉስ? ጥለቱ ከየት መጣ? የተጣፈ ቦታ አለው? ማን ፈተለው፣ ማን ሸመነው? ብላችሁ መዝግቡ። በየአካባቢው የፋብሪካ ድር መቼ እንደገባ፣ ማን መጀመሪያ እንደሞከረው፣ ፈታዮች ምን እንዳሉ የሚያስታውሱ እናቶችና አባቶች ዛሬም በሕይወት አሉ። ጥያቄው ለእነርሱ አስቸጋሪ አይደለም፤ በእጃቸው የሠሩትን ነውና የምትጠይቋቸው። የሚያስቸግረው ጊዜው ነው። እነርሱ ካለፉ በኋላ በእጃችን የሚቀረው ጨርቁ ብቻ ይሆናል፤ ጨርቅ ደግሞ የክሩን ምንጭ እንጂ የሰውን ስም አይነግረንም።